ባሬላው የእሷ፣ ቱምቢው የእሱ

አሥር ሰው ሰብስባችሁ «ግንበኛ፣ ኤሌክትሪሽያን፣ በያጅ፣ መካኒክ፣ ሳይት ኢንጂነር የሆነች ሴት ለምን ጥቂት ሆነች?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘጠኙ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጧችኋል፤ «ሥራው ከባድ ነዋ!» አሥረኛው ትንሽ መጽሐፍ ያገላበጠ ከሆነ «ተፈጥሮ ራሷ…» ብሎ ይጀምርና መሀል ላይ ይጠፋበታል። እሱን እንተወው። የዘጠኙን መልስ ይዘን ሳይት እንሂድ።

የትኛው ሳይት እንደሆነ ለውጥ የለውም። አዲስ አበባ መቼም ሳይት አጥታ አታውቅም። አያትም ይሁን ገርጂ፣ ለቡም ይሁን ሰሚት፣ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ገብታችሁ ቁሙ። በባሕር ዛፍ የተሠራውን መወጣጫ ቀና ብላችሁ እዩት። በዚያ መወጣጫ ላይ በባሬላ ኮንክሪት ይዘው የሚወጡት ሁለቱ ሰዎች እነማን ናቸው? አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፤ ሻርፕ እስከ አፍንጫ የተጠመጠመ፣ ቀሚስ ከሱሪ ላይ የተደረበ። አሸዋ የምትነፋውስ? ቦለኬት ከመኪና አውርዳ ፎቅ ላይ የምታደርሰውስ? የተሞላውን ኮንክሪት ጠዋትና ማታ ውኃ የምታጠጣውስ? ሴት ናት።

አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ከጭነቱ ላይ አንሱና መሣሪያ የያዘውን እጅ ፈልጉ። የግንበኛ ማንኪያ የያዘው፣ ቱምቢ የሚጥለው፣ ውኃ ልክ የሚያስቀምጠው፣ ፌሮ የሚያስረው፣ መበየጃ የጨበጠው። ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ። ቱምቢ ደግሞ፣ ለማታውቁት፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ለማየት በሲባጎ የምትንጠለጠል ትንሽ ብረት ናት። ከአንድ ቦለኬት ጋር ለንጽጽር አትቀርብም። እንግዲህ ከባዱን ለሴት ሰጥተን ቀላሉን ለወንድ አስቀርተን፣ ሰው ሲጠይቀን «ከባድ ስለሆነ ነው» እንላለን ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

እኔ የምለው ይሄ ነው፤ በዚህ አገር ሴት ከከባድ ሥራ ተከልክላ አታውቅም። ከእንጦጦ ቁልቁል ጎኗ እስኪጎብጥ ቅጠልና እንጨት ተሸክማ የምትወርደዋን እናት «ይከብድሻል፣ ተይው» ያላት የለም። ሴት የተከለከለችው ከመሣሪያ ነው።

ልዩነቱ የክብር ብቻ ቢሆን እናልፈው ነበር፤ የእንጀራ ነው። የግንበኛው የቀን ሒሳብ ቦለኬት ከምታቀብለው ሴት እጥፍ ነው፤ ብዙ ቦታ ከእጥፍም ያልፋል። ከዚያም በላይ የሚከፋው የዛሬው ሒሳብ ሳይሆን የዛሬ አሥር ዓመቱ ነው። ወንዱ የቀን ሠራተኛ መጀመሪያ ረዳት፣ ከዚያ ግንበኛ፣ ከዚያ የራሱን ልጆች አሰልፎ በካሬ የሚዋዋል፣ ከቀናውም ፎርማን ይሆናል። ሴቷ የቀን ሠራተኛ በአሥር ዓመቷም የቀን ሠራተኛ ናት፤ የተጨመረላት የወገብ ሕመም ነው።

ወንዱ እንዴት ተሻገረ? ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም። ግንበኛው ለምሳ ሲወርድ ማንኪያውን ለረዳቱ ይተውለትና «እስቲ ያቺን መስመር ጨርሳት» ይለዋል። ረዳቱ ያበላሻል፣ ይሰደባል፣ ያፈርሳል፣ ደግሞ ይሠራል። ሙያ የሚባለው ነገር የሚተላለፈው በዚያች የምሳ ሰዓት ውስጥ ነው። ሴቷን ግን «እስቲ ያቺን መስመር ጨርሻት» የሚላት የለም። ክፋት እንኳ አይደለም፤ ጭራሽ አይታሰብም። እሷ በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልጋ ልጇን ታጠባለች፣ ወይም ከሰዓት የሚፈለገውን አሸዋ ትነፋለች።

ሌላም አለ። ግንበኛ ረዳቱን ከመንገድ አያነሳም፤ ያገሩን ልጅ፣ የአክስቱን ልጅ ያመጣል። ልጁ ሳይቱ ውስጥ ካለችው ቆርቆሮ ቤት ከሌሎቹ ጋር ያድራል። ማታ ሽሮ እየሠሩ (ወንዶቹ ሽሮ መሥራት ይችላሉ ማለት ነው፤ ሚስቶቻቸው ባይሰሙ ይሻላል) ስለ ነገ ሥራ ይወራል፤ የትኛው ኮንትራክተር ሒሳብ ያዘገያል፣ የት አዲስ ሳይት ተከፍቷል፣ ማን ሰው ይፈልጋል ይባላል። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። ሴቷ በአሥራ አንድ ተኩል ወደ ቤቷ ትሮጣለች። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ልጅ አለ፣ ሊጥ አለ። ብትፈልግም ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ አምሽታ ያንን ወሬ መስማት አትችልም፤ ብታመሽ ስሟ ምን እንደሚሆን እናንተም እኔም እናውቃለን።

አንድ ፎርማን ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄያቸው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ሠራተኛ አይሳደቡም። «ጋሼ፣ ከእነዚህ ሴቶች አንዷን ግንበኛ ለማድረግ አስበው ያውቃሉ?» ስላቸው ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ እነሱማ እምነት የሚጣልባቸው ናቸው። አይጠጡም፣ አይቀሩም፣ ሲሚንቶ አይሸጡብኝም።»

«እንግዲያውስ?»

«እንግዲያውስማ፣ እነሱን ግንበኛ ካደረግኩ ባሬላውን ማን ይሸከምልኛል?»

ከዚህ የቀና መልስ ከየትኛውም የሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ ሳይት ላይ አልተጀመረም። የበሬ እርሻ ባለበት አገር ሁሉ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፣ ጎተራ ታስገባለች። እርፍ ግን አትጨብጥም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት ኖሯት የሚያርስላት ወንድ ከሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ምርቱ ይከፈላል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ በተሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የሴቷ ስም ከባሏ ስም ጎን ተጽፏል፤ ትልቅ ነገር ነው፣ አላንኳስሰውም። ነገር ግን ደብተሩ መሬቱን ሰጣት እንጂ እርፉን አልሰጣትም። ከምርቷ ቆርሳ የምትሰጠውን ድርሻ «ባህል ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ የመሣሪያ ኪራይ ነው የምለው።

ሸማውንም እዩት። ጥጥ የምትፈለቅቀው፣ የምትባዝተው፣ የምትፈትለው ሴት ናት። እንዝርቱ የእሷ ነው፤ ሥራው ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ድሩና ማጉ ለሸማኔው ይሰጣል፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚጠራበት ጥበብ «የእገሌ ሥራ» ሲባል እገሌ ሸማኔው ነው፤ ፈታይዋን የሚጠይቅ የለም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት እንደ ስድብ ብቻ ነበር የምናየው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን የሥራ ክፍፍል መመሪያ ነው፤ ሴቷ ትጀምራለች፣ ወንዱ ይጨርሳል፣ ዋጋው የሚከፈለው ለጨረሰው ነው።

አንድ መሣሪያ ለሴት የተተወበት ሙያ አለ፤ ሸክላ። ያውም ያለ ማሽን፣ ጭቃውን በእጅ አቡክቶ፣ በዓይን ለክቶ፣ እሳቱን በልምድ መጥኖ። ምጣድ ሳይሰነጠቅ ማውጣት ቀልድ አይደለም፤ ያንን ስፋት በዚያ ስስነት ዕድሜ ልክ እሳት ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደሚፈልግ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎችን ጠይቁ። እኛስ ምን ሰጠናቸው? «ቡዳ» የሚል ስም። ወንዱን ቀጥቃጭም «ጠይብ» ብለን ሰድበነው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እኩል ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ የሚሠራውን ሰው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የብረቱ ሥራ ስሙን እየቀየረ ከፍ አለ፤ ጠይቡ በያጅ ሆነ፣ ብረታ ብረት ሆነ፣ ከኮሌጅ ሲወጣም መካኒካል ኢንጂነር ሆነ። ሸክላው ግን ሸክላ ሆኖ ቀረ። ማዕረግ ያገኘው ወንዱ የያዘው መሣሪያ ነው።

እስቲ ደግሞ «ሙያ» የሚለውን ቃል አስቡት። «ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አጥር ላይ ብታዩ የሚመጣባችሁ ወንድ ነው። «የእገሌ ሚስት ባለሙያ ናት» ቢባል ግን የሚመጣባችሁ ወጥ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት አገር! የወጡን ሙያ አልንቅም፤ ዶሮን ከየመገጣጠሚያዋ እየለዩ 12 ብልት ማውጣት፣ ቁሌቱን ሳያሳርሩ ሰዓታት ማብሰል፣ የእጅና የዓይን ልክ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እንዲያውም ያንን የምትችል እጅ ውኃ ልክ ማስቀመጥ ይሳናታል ብሎ የሚከራከር ሰው ዶሮ በልቶ እንጂ ገንጥሎ አያውቅም። ግን የአንዱ ሙያ ደመወዝ አለው፣ የሌላው ምስጋና። ለዚያውም ጨው ካልበዛ።

«ይሄ የቀን ሠራተኛና የገበሬ ጉዳይ ነው፤ እኛ የተማርነው…» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው።

ክረምት ሲመጣ የከተማ ወላጅ ወንድ ልጁን የት ይልከዋል? ጋራዥ። ወይም እንጨት ቤት፣ ወይም ብረት ቤት የሚሠራ ጎረቤት ጋ። ሙያ እንዲማር እንኳ አይደለም፤ ሰፈር ውሎ እንዳይባልግ ነው። ልጁ ሁለት ወር ቁልፍ ሲያቀብል ይከርማል። «13 ቁልፍ አምጣ!»፣ «17 አላልኩህም!»፣ አንድ ሁለት ኩርኩም። መስከረም ላይ ሲመለስ ግን 13ን ከ17 በዓይኑ ይለያል፤ ብሎን ወደየት እንደሚፈታ እጁ ያውቀዋል። እህቱ ክረምቱን የት ከረመች? ቤት። እሷንም ከመባለግ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠብቃት ግን ወጥ ቤቱ ነው።

ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያለውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊውዙን የሚነካካው ወንድሜ ነው፤ ሻማ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የሞባይል መብራት፣ የምትይዘው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መብራት ይዣለሁ። «ኧረ ቀና አድርጊው፣ እያየሁ አይደለም» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሳየው እሱም የሚያደርገውን አያውቀውም። እየሞከረ ነው። ልዩነታችን ያ ነው፤ እሱ እየሞከረ እንዲያበላሽ ተፈቅዶለታል።

በዚህ ዓይነት 18 ዓመት ከኖሩ በኋላ ሁለቱም ኢንጂነሪንግ ይመደባሉ። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ገደማ 70 በመቶ የሚሆነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር የሚለውን ቀመር ሲያመጣ ብዙ ሴት ተማሪዎች ፈለጉም አልፈለጉ ኢንጂነሪንግ ክፍል ውስጥ ራሳቸውን አገኙ። ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ማለቱም በር ከፍቷል። ጥሩ። በሩን ያለፈችው ልጅ ግን መጀመሪያ የምትሰማው «በነጥብ ድጎማ የገባች» የሚል ሹክሹክታ ነው፤ ሁለተኛ የምትሰማው ወርክሾፕ ውስጥ «13 ቁልፍ አቀብይኝ»። አጠገቧ ያለው ልጅ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም የሚቀድማት፤ ስምንት ክረምት ቀድሟታል። ስምንት ክረምት የሚያካክስ ኮርስ ደግሞ ካታሎጉ ውስጥ የለም።

ከዚያ የቡድን ሥራ ይመጣል። አምስት ልጆች፣ አንዷ ሴት። ወንዶቹ ሞተሩን ይፈታሉ፣ ሰርኪዩቱን ይበይዳሉ። «አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ፤ አጻጻፍሽ ያምራል።» ሙገሳ ይመስላል አይደል? ተመልከቱ፤ ሪፖርቱ ባሬላው ነው። እሷ ተሸክማ ታደርሳለች፣ ቱምቢው እነሱ ጋ ይቀራል። ተመርቃ ሥራ ስትይዝም ያው ነው። ወንዱ ሳይት ኢንጂነር፣ እሷ ኦፊስ ኢንጂነር። እሱ ጭቃ ረግጦ ከሠራተኛ ጋር ተጣልቶ፣ ኮንክሪት ሲበላሽ አይቶ፣ ከአማካሪው ጋር ተከራክሮ ይማራል፤ እሷ የክፍያ ሰርተፍኬት ትሠራለች፣ የፌሮ ብዛት ታሰላለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ከአምስት ዓመት በኋላ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሲፈለግ «የሳይት ልምድ ያለው» ይባላል። ማን እንዳለው ታውቃላችሁ።

«ራሳቸው ናቸው እኮ ቢሮ የሚመርጡት» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የሚመርጡ አሉ። ግን ምኑን ከምኑ እንደሚመርጡ እንይ። ሳይቱ ከተማ ውስጥ ከሆነ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ካለም አንድ ነው፣ በሩ አይዘጋም። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አለመጠጣት አንድ የሥራ ችሎታ ይሆናል። ሳይቱ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ከሆነ ካምፕ ነው፤ አርባ ወንድ መሀል ያለች አንዲት ክፍል። ቱታውና ቦት ጫማው በወንድ ልክ የተሰፋ ነው። ትእዛዝ ስትሰጥ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «የኔ ቆንጆ» ይላታል። ይህን ሁሉ አልፋ ስትመጣ እናቷ «መቼ ነው የምታገቢው፣ ጸሐይ አጠቆረሽ» ትላታለች። በዚህ መሀል ቢሮ መረጠች ብሎ «ምርጫዋ ነው» ማለት ዝናብ ውስጥ የቆመን ሰው ጣራ ሥር ገባህ ብሎ እንደመውቀስ ነው።

አሠሪውም ሒሳብ ይሠራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ እናት 120 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። ለአባትየው ሦስት ቀን። የእናትየው ፈቃድ በጣም ትክክል ነው፤ ይነካ የምትል ጣት ካለች ትቆረጥ። ግን ልጁን የወለዱት ሁለት ሰዎች ሆነው የአራት ወሩ ወጪ የሚቆጠረው በሴቷ ስም ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ሲቪ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ኮንትራክተር የማንን እንደሚያነሳ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የቀን ሠራተኛዋ ዘንድ ስንመጣ ደግሞ ሕጉ ወረቀት ነው። በቀን የተቀጠረች ሴት ሆዷ ሲገፋ ነገ እንዳትመጣ ይነገራታል፣ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ሴቶች በተለይ አድካሚ ወይም ለጤናቸው ጎጂ ተብለው በሚዘረዘሩ ሥራዎች እንዳይሰማሩ ይከለክል ነበር። በዚያ አዋጅ ዘመን ሁሉ ባሬላው ሲወጣ ሲወርድ ነበር።

በነገራችን ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች የተለየ እንደነበር ታውቃላችሁ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ዓላማው ቤት ብቻ አልነበረም፤ ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ በብሎኬት ማምረት፣ በብረታ ብረት፣ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያ ማድረግም ነበር። እና ሴት ቤቱ ሲደርሳት ይቆጠርላት የሚል ድርሻ ተመደበላት። ቤቱን ስትሠራስ? መቼ ነው «በዚህ ብሎክ ላይ ማንኪያ ከያዙት 30 በመቶው ሴት ይሁኑ» ያልነው? ተቀባይ ስትሆን ኮታ አላት፣ ሠሪ ስትሆን ባሬላ አላት።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ካቢኔው ግማሽ በግማሽ ሴት ሲሆን፣ ኮንስትራክሽን ሚኒስቴርን ሲመሩ የነበሩት ኢንጂነር አይሻ መሐመድ መከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ፌስቡኩ በደስታ ሰክሮ ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል። ሚኒስትር መሾም ግን አንድ ደብዳቤ ነው፤ ግንበኛ ማድረግ የሦስት ዓመት የምሳ ሰዓት ነው። ለዚህ ነው ላይኛው ቶሎ የተለወጠውና ታችኛው ባለበት የቆመው።

የኔን ሙያ ሳልነካ ብሄድ አድልዎ ይሆንብኛል። የጋዜጠኝነት ዲግሪ አለኝ፤ የዚህ ሙያ ልጆች በወንዶች ሥራ ላይ የተገኘች ሴት ስታጋጥመን የምንጠይቃት ጥያቄ የታወቀ ነው። «በወንዶች ሙያ ውስጥ እንዴት ደፍረሽ ገባሽ?» «ባለቤትሽ ምን ይላል?» «ለሴት አይከብድም?» ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. አየር መንገዱ ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ ሲልክ፣ ዜናው ሁሉ «የመጀመሪያ» በሚለው ቃል ተሞልቶ ነበር። «የመጀመሪያ» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን ሁለተኛዋንና ሃያኛዋን ማንም አይቆጥርም። ማርች 8 ሲመጣ ቢጫ ሄልሜት አድርጋ የምትስቅ ልጅ ፎቶ እንለጥፋለን፣ መጋቢት ሳያልቅ እንረሳታለን። አንድም ቀን ወንድ ግንበኛን «ሚስትህ ምን ትላለች?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። መልሱ ደግሞ ደስ ሊል ይችል ነበር።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ትልቅ ፖሊሲ የለኝም። ያለው ይበቃል። የሙያ ብቃት ምዘና፣ እናንተ ሲኦሲ የምትሉት፣ በልምድ ሠርቶ ሙያውን ያወቀ ሰው ክፍል ሳይገባ ተፈትኖ ወረቀት እንዲይዝ ይፈቅዳል። አሥር ዓመት ሳይት ላይ የኖረች ሴት ድብልቁ ስንት አሸዋ ስንት ሲሚንቶ እንደሚፈልግ ከምሩቁ በተሻለ ታውቃለች፤ ያበጠረችው እሷ ናትና። የሚጎድላት እጇ ማንኪያ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ውል ላይ ሲሚንቶው የስንት ጥንካሬ እንዲሆን እየተጻፈ፣ ከቀን ሠራተኞቹ መካከል ይህን ያህል ሴቶች ሥራው እስኪያልቅ ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ ፌሮ ሠሪ ሆነው ይመዘናሉ የሚል አንድ መስመር መጻፍ አይከብድም። አማካሪው የኮንክሪቱን ናሙና እንደሚቆጣጠረው ይቆጣጠረዋል። ካልተሟላ ክፍያ አይለቀቅ። ኮንትራክተር ክፍያ ሲያዝበት ምን ያህል ፈጣን ተማሪ እንደሚሆን ኦፊስ ኢንጂነሮቻችን ይመሰክራሉ። መጸዳጃ ቤቱም በዚያው መስመር ይግባ፤ በሩ የሚዘጋ።

ይህ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የተሻለ አቅም ያላቸው ሳይቶች ላይ ኮንክሪት በፓምፕ ይወጣል፣ ቦለኬቱን ታወር ክሬን ያነሳዋል፣ ድብልቁ ተዘጋጅቶ በመኪና ይመጣል። ባሬላ ራሱ እየቀረ ነው፤ መቅረቱም ለወገባቸው ደግ ነው። ግን ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ወንድ ነው፣ ክሬኑ ላይ የተቀመጠው ወንድ ነው፣ ከታች በእጁ ምልክት የሚሰጠውም ወንድ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሳይት ገብቼ ሴቶቹን ስፈልግ ያገኘኋቸው ውጪ ነበር፤ ቆርቆሮው ሥር፣ በጆንያ በተጋረደች ጥላ ውስጥ፣ ለክሬን ኦፕሬተሩ ሻይ ያፈላሉ።